ከውጅግራ እስከ ቤልጅግ፦ አጋዘኑን የሰወረው ርቀት

በአሥር ሳንቲም ላይ ያለውን ቀንዳም አውሬ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ሳንቲሟን ዛሬ ኮልፌ ላይ ለታክሲ ረዳት ብትሰጡት ይስቅባችኋል። አውሬው ግን ደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።

አያቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር፤ ስሙ የመጣው ከፈረንሳዩ «ፊዚ ግራ» ነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ 25 ግራም ይመዝናል፣ በሰከንድ ግን 450 ሜትር ያህል ቢሄድ ነው። የመታውን ይጥላል፤ ከሩቅ ሲተኮስ ግን ቶሎ ይወርዳል፣ የባሩዱም ጭስ ተኳሹን ያጋልጣል። አዳኙ አድብቶ ከመጠጋት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቤልጅግ መጣ፤ 7.92 ሚሊ ሜትር። ጥይቱ በክብደት የውጅግራን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ጭስ አልባው ባሩድ ግን በሰከንድ ከ750 ሜትር በላይ ያስፈነጥረዋል።

እንግዲህ «ለሩቅ አደን የቱ ካሊበር ይሻላል?» ቢባል መልሱ ያኔም ተገኝቷል፦ ቀጭኑና ፈጣኑ። ለአርበኛው ይህ ዕድሜ ነበር። ለአጋዘኑ ግን ርቀት መከታ መሆኑ ቀረ። በ1962 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ፓርክ ሲቋቋም፣ ርቀት ያልሰጠውን ከለላ ሕግ እንዲሰጠው ነው የታሰበው።