የዘገየ ፍሎረሰንስ ሞለኪውሎችና የኦሌድ ስክሪን ብቃት

ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ዳዮድ፣ በአጭር አጠራሩ ኦሌድ፣ ለተንቀሳቃሽ ስልክና ለቴሌቪዥን ስክሪኖች መሥሪያነት በስፋት ከሚያገለግሉ ቴክኖሎጂዎች አንዱ ነው፡፡ ካርቦንን መሠረት ያደረጉ ውህዶች የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያልፍባቸው ራሳቸው ብርሃን ስለሚሰጡ ስክሪኑ ከበስተኋላው የሚያበራለት ሌላ መብራት አያስፈልገውም፡፡ ይሁን እንጂ ለመሣሪያው ከሚሰጠው ኃይል ምን ያህሉ ወደ ብርሃን ይለወጣል የሚለው ጥያቄ የዘርፉን ተመራማሪዎች ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሲያነጋግር ቆይቷል፡፡

የችግሩ መነሻ

በአሜሪካ የኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩት ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ እ.ኤ.አ በ1987 ሁለት ስስ የኦርጋኒክ ንጣፎችን በማነባበር ከ10 ቮልት ባነሰ ኃይል የሚሠራ ዳዮድ ይፋ አደረጉ፡፡ በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ከአንዱ ወገን ኤሌክትሮኖች፣ ከሌላው ወገን ደግሞ ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ቦታዎች ወደ መካከል ይጓዛሉ፡፡ ሁለቱ በአንድ ሞለኪውል ላይ ሲገናኙ ሞለኪውሉ ትርፍ ኃይል ይሸከማል፤ ይህንኑ ኃይል በብርሃን መልክ ሲለቅም ስክሪኑ ያበራል፡፡

ትርፍ ኃይል የተሸከመ ሞለኪውል ግን በሁለት ዓይነት ሁኔታ ሊገኝ ይችላል፡፡ እነዚህም እንደ ኤሌክትሮኖቹ ሽክርክሪት ሲንግሌት እና ትሪፕሌት ተብለው ይጠራሉ፡፡ በኳንተም መካኒክስ ሕግ መሠረት ከሚፈጠሩት ውስጥ 25 በመቶው ሲንግሌት፣ 75 በመቶው ደግሞ ትሪፕሌት ነው፡፡ ሲንግሌቱ በሰከንድ ቢሊዮንኛ በሚለካ ጊዜ ብርሃን ይሰጣል፤ ይህም ፍሎረሰንስ ይባላል፡፡ ትሪፕሌቱ ግን በተለመዱት የኦርጋኒክ ውህዶች ዘንድ ኃይሉን በሙቀት መልክ ያጠፋል፡፡ በመሆኑም ከአራት እጅ ሦስቱ ይባክናል ማለት ነው፡፡

የመጀመሪያው መፍትሔ የተገኘው በከባድ ብረቶች አማካይነት ነበር፡፡ በፕሪንስተንና በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ፎረስት፣ ማርክ ቶምሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1998 ፕላቲነም፣ ቀጥሎም ኢሪዲየም የያዙ ውህዶች ከትሪፕሌቱም ብርሃን እንደሚያወጡ አሳዩ፡፡ ዘዴው በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን ረገድ ለገበያ በቅቷል፡፡ ይሁንና ኢሪዲየም በምድር ቅርፊት እጅግ ጥቂት ከሆኑ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚገኘውም ከፕላቲነም ማዕድን ጋር ተያይዞ በመሆኑ ዋጋው ውድ ነው፡፡

የዘገየ ፍሎረሰንስ

በጃፓን የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቺሃያ አዳቺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2012 ያቀረቡት መፍትሔ ብረት አያስፈልገውም፡፡ የትሪፕሌቱና የሲንግሌቱ የኃይል ደረጃ እጅግ ከተቀራረበ የክፍሉ ሙቀት ብቻ ትሪፕሌቱን ወደ ሲንግሌት ከፍ ሊያደርገው ይችላል፡፡ ከዚያም ብርሃኑ ይወጣል፤ ይህ መመላለስ ጊዜ ስለሚወስድ ዘዴው የዘገየ ፍሎረሰንስ የሚል ስያሜ አግኝቷል፡፡ ክስተቱ አዲስ አይደለም፤ ፓርከርና ሃቻርድ እ.ኤ.አ በ1961 ኢዮሲን በተባለው ቀለም ላይ መዝግበውታል፡፡ አዲሱ ነገር ሞለኪውሉን ለዚሁ ተግባር አስቦ መንደፉ ነው፡፡

በተለመዱ የኦርጋኒክ ሞለኪውሎች በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ርቀት ከ0.5 እስከ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስ፣ የክፍል ሙቀት የሚያበረክተው ኃይል ግን 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፡፡ ርቀቱን ለማጥበብ ኤሌክትሮኑ የሚነሳበትና የሚያርፍበት የሞለኪውል ክፍል እንዲለያዩ ይደረጋል፡፡ ለዚህም ኤሌክትሮን የሚለግስ ክፍል ከሚቀበል ክፍል ጋር ይጣመርና በመካከላቸው ጠመዝማዛ ማዕዘን እንዲኖር ይሆናል፡፡ የአዳቺ ቡድን በነደፈው ሞለኪውል በአንድ የቤንዚን ቀለበት ላይ ሁለት የሳያኖና አራት የካርባዞል ክፍሎች ተቀጥለዋል፡፡ ካርባዞሎቹ ስለሚጨናነቁ ከቀለበቱ ጠለል ወጥተው ይጣመማሉ፤ ርቀቱም ወደ 0.08 ኤሌክትሮን ቮልት ይወርዳል፡፡ በዚህ ሞለኪውል የተሠራው አረንጓዴ ዳዮድ ከ19 በመቶ በላይ ውጫዊ ብቃት አስመዝግቧል፡፡ ከሚፈጠረው ብርሃን ከመስታወቱ የሚወጣው አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ በመሆኑ የተለመደው ፍሎረሰንስ ጣሪያ 5 በመቶ ገደማ እንደነበረ ሲታሰብ የውጤቱ ከፍተኛነት ይታወቃል፡፡

የንድፉ ፈተናዎች

የሞለኪውሉ ሁለት ክፍሎች ፈጽመው ከተለያዩ ርቀቱ ቢጠብም ብርሃን የመስጠት አቅሙ ይዳከማል፡፡ ስለሆነም ነዳፊው ሁለቱን ፍላጎቶች ማመዛዘን ይጠበቅበታል፡፡ በሌላ በኩል የተጠማዘዙ ሞለኪውሎች ብርሃን በሰፊ የቀለም ክልል ስለሚሰራጭ ለስክሪን ጥራት አይመችም፡፡ በጃፓን የክዋንሴይ ጋኩዊን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ታኩጂ ሃታኬያማ እ.ኤ.አ በ2016 ቦሮንና ናይትሮጅንን በአንድ ግትር ሞለኪውል ውስጥ በማሰለፍ የብርሃኑን ስፋት 28 ናኖሜትር ያደረሰ ሰማያዊ ውህድ አቅርበዋል፡፡ በዚያው ዓመት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን 1.6 ሚሊዮን ዕጩ ሞለኪውሎችን ባካተተ ክልል ውስጥ በኮምፒዩተር ፍለጋ አካሂዶ፣ ከተመረጡት ጥቂቶች እስከ 22 በመቶ ብቃት ያለው ዳዮድ መሥራት ችሏል፡፡

ከሁሉም የከበደው ሰማያዊው ብርሃን ነው፡፡ ሰማያዊ ብርሃን የሚጠይቀው ኃይል ከፍተኛ በመሆኑ የኬሚካል ትስስርን ለመበጠስ ይቀርባል፡፡ ትሪፕሌቱ ሳይለወጥ በቆየ ቁጥር ከሌላው ጋር እየተጋጨ ኃይሉን በመደመር ሞለኪውሉን ይሰብራል፤ የስክሪኑም ዕድሜ ያጥራል፡፡ ስለዚህ የብቃትና የዕድሜ ጥያቄ በመጨረሻ አንድ ይሆናል፤ ይኸውም ትሪፕሌቱን በፍጥነት ማመላለስ ነው፡፡ ከ2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ የዘገየ ፍሎረሰንስ ሞለኪውል ኃይሉን ሰብስቦ ፈጥኖ ብርሃን ለሚሰጥ ሌላ ሞለኪውል እንዲያስተላልፍ የሚደረገውም ለዚሁ ዓላማ ጭምር ነው፡፡

የዘገየ ፍሎረሰንስ ታሪክ የሚያስገነዝበው በብርቅዬ ብረት ብቻ ይፈታል ተብሎ የነበረ ችግር በተለመዱት ካርቦን፣ ናይትሮጅንና መሰል ንጥረ ነገሮች የተጠና አቀማመጥም ሊፈታ መቻሉን ነው፡፡ ለተጠቃሚው የሚኖረው ፋይዳም በአነስተኛ ኃይል የሚያበራና ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ስክሪን ሆኖ ይገለጻል፡፡