ከል የለበሰው ወንበር

የዌልስ ሕዝብ በየዓመቱ አይስቴድቮድ የሚባል የግጥምና የዜማ በዓል ያከብራል። እንደ ግዕዝ ቅኔ ጥብቅ ሕግ ባለው ግጥም ያሸነፈ ባለቅኔ፥ አምሮ በተጠረበ ወንበር ላይ በሕዝብ ፊት ይቀመጣል፤ ሽልማቱም ራሱ ወንበሩ ነው።

ጳጉሜን 1 ቀን 1909 ዓ.ም. በዓሉ የተደረገው ብዙ ዌልሳውያን በሚኖሩባት በእንግሊዝ አገር በበርከንሄድ ከተማ ሲሆን፥ ዌልሳዊው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅም ተገኝተው ነበር። አሸናፊው ‹‹ፍለር ደ ሊ›› በሚለው የብዕር ስሙ ተጠራ። የተነሣ የለም። ሁለተኛ ተጠራ፤ ሦስተኛም ተጠራ። ከዚያም ባለቅኔው በጦር ሜዳ መሞቱ ተነገረ፤ ወንበሩም ጥቁር ጨርቅ ለበሰ።

ሟቹ በቅኔ ስሙ ሄድ ዊን የተባለው የ30 ዓመቱ እረኛ ኤሊስ ኢቫንስ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ታናሽ ወንድሙ እንዳይዘምት ብሎ ራሱ ዘመተ፤ ግጥሙን ከፈረንሳይ በፖስታ ልኮ፥ ሐምሌ 24 ቀን በቤልጅግ ምድር ወደቀ። የግጥሙ ስም ‹‹ጀግናው›› ነው፤ እኔ ግን ከግጥሙ ይልቅ ለወንድሙ ያደረገው ይበልጥብኛል። ወንበሩን የጠረበው ደግሞ ከዚያው ከቤልጅግ በጦርነቱ ምክንያት የተሰደደ አናጢ መሆኑን ሳስበው ይደንቀኛል።

ወንበሩ ወደ ወላጆቹ እርሻ ቤት ተወሰደ፤ ዛሬም በዚያው ይታያል።