የመጀመሪያው ተመዝጋቢ፦ የላፍቶን ቀደምት ሰፋሪ በመሬትና በፍርድ ቤት ሰነዶች መፈለግ

አኅጽሮተ ጥናት

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሰፈረ ቅድመ አያቱን ማንነት ለማጣራት የሚነሣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚተማመነው በቃል በወረደ የዘር ሐረግ ነው። ይህ መጣጥፍ ላፍቶን መነሻ አድርጎ የግብር ደረሰኝ፣ የቀላድ መዝገብና የክርክር መዝገብ ለዘር ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያገለግሉ ይመረምራል። የመከራከሪያ ነጥቡ ሁለት ጎን አለው። በአገራችን የዘር ሐረግ ሲቆጠር የኖረው በአብዛኛው ርስት ለመጠየቅ ስለሆነ፣ ሐረጉ እንደ ማንኛውም የምስክር ቃል ሊፈተን ይገባዋል። ሰነዱ ደግሞ በቅድሚያ የሚያሳየን የተመዘገበውን ሰው እንጂ የሰፈረውን አይደለም።

መግቢያ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ በ1995 ዓ.ም. ከተዋቀሩት የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ዛሬ የክፍለ ከተማው ሰፈሮች ጀሞና ለቡ በኮንዶሚኒየም ቢሞሉም፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ላፍቶና አካባቢዋ ገብስና ጤፍ የሚዘራባቸው፣ ከብት የሚሰማራባቸው የገጠር ቀበሌዎች ነበሩ። በዚህ አካባቢ ከቆዩ ቤተሰቦች ብዙዎቹ «አያታችን በምኒልክ ዘመን መጥተው ያቀኑት አገር ነው» ይላሉ። ከዚያ ቀድሞም እዚያው የነበሩ የቱለማ ኦሮሞ ቤተሰቦች ደግሞ የሚተርኩት ሌላ ነው።

«አያታችን አቀኑት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። ሰውዬው በእርግጥ መጥቷል ወይ? መቼ መጣ? መሬቱንስ በምን መብት ያዘው? ሦስቱም ለየብቻ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ብዙ የቤተሰብ ታሪክ የሚበላሸው የአንዱ ጥያቄ ማስረጃ ለሌላው ሲውል ነው።

የዘር ሐረግ እንደ ክስ ማመልከቻ

አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ባደረገውና በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ በአማራ የርስት ሥርዓት ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት ጋር በወንድም በሴትም መስመር የሚያገናኘው ሐረግ ካለው፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ አንድ ሰው በመርሕ ደረጃ ብዙ ቦታ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። የሚያርሰው ግን ክርክሩን የረታበትን ነበር። ሐረግ የሚያውቁ ሽማግሌዎች የተከበሩትም የፈጅነት (የዘሩ ወኪልነት) ሥራ ክብደት ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው ሲቆጥር ከፊቱ ዳኛ ወይም ተከራካሪ ወገን ይኖር ነበር።

የዶናልድ ክራሚ ጥናቶችም የሚያመለክቱት ወደዚሁ ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የሰፈሩ የሽያጭ፣ የስጦታና የክርክር ማስታወሻዎች በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴቶች ሻጭም ገዥም ከሳሽም ሆነው ይቀርቡ እንደነበር ያሳያሉ። የአባት ስም ብቻ እየተከተለ ወደ ላይ የሚወጣ ዘር ፈላጊ፣ መሬቱ በእናት በኩል የወረደ ከሆነ መንገዱን ገና በሁለተኛው ትውልድ ላይ ይስታል።

በላፍቶ ነገሩን የሚያወሳስበው ሁለት የዘር አቆጣጠር ልማዶች መገናኘታቸው ነው። በቱለማ ኦሮሞ ዘንድ ሐረግ በአባት መስመር ይቆጠራል፤ ሰው የሚታወቀውም በጎሳው ነው። ከሰሜን ሸዋ ከመጣው ሰፋሪ ጋር በጋብቻ፣ በጡት ልጅነት፣ በክርስትና አባትነት የተዛመደ ቤተሰብ ሁለቱንም አቆጣጠር ይዞ ኖሯል። ለፍርድ ቤት ሲቀርብም የሚጠቅመውን መርጦ አቅርቧል። ይህ ከሕጉ አሠራር የተገኘ ምርጫ እንጂ ውሸት አይደለም። ተመራማሪው ግን ሐረጉ የተቆጠረው የትኛውን መሬት ለማግኘት እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ቀላድ ማንን መዘገበ?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በሸዋና በደቡብ መሬት በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ በጋሻ ተከፋፈለ። አንድ ጋሻ ብዙውን ጊዜ 40 ሄክታር ተብሎ ይሰላል፤ ልኩ ግን እንደ ገመዱና እንደ መሬቱ ይለያይ ነበር። በልኬታው ሲሶው ለባላባቱ ይቀርና ቀሪው ወደ መንግሥት እጅ ገብቶ ለመኳንንት፣ ለወታደር፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ነበር። የአዲስ አበባ የቦታ ይዞታ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ሕጋዊ መልክ ያዘ። የመሬቱን ስሪትና ስያሜ ለማጣራት የመጀመሪያው መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ነው። መጽሐፉ በ1942 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ደንቦችና ዝርዝሮች ዛሬም ተተኪ አላገኙም።

ለዘር ፈላጊ ከስሙ ይልቅ ከስሙ አጠገብ ያለው ማዕረግ ይበልጥ ይናገራል። ባለርስት መሬቱን ያወርስ፣ ይሸጥ ነበር። ባለማደሪያ በአገልግሎቱ ምክንያት የተሰጠውን መሬት ይበላ ነበር፤ አገልግሎቱ ሲቀር መሬቱ ሊነሣ ይችል ነበር። ባለጉልት ግብር ይቀበል ነበር እንጂ መሬቱን የግድ አያርስም ነበር። ጭሰኛ ያርስ ነበር፤ በመዝገብ ግን በስሙ ግብር ስለማይገብር ለሦስት ትውልድ ላፍቶ ላይ ኖሮ አንድም ወረቀት ላይ ላይታይ ይችላል። ከልኬታው በፊት እዚያው የነበረው ገበሬም እንዲሁ ነው። በቀላድ መዝገብ የተገኘውን ሰው «የላፍቶ የመጀመሪያ ሰፋሪ» ማለት መዝገቡ ያልተናገረውን ማናገር ይሆናል።

«በምኒልክ ዘመን» የሚለውን አባባል ለመፈተን የሚረዳ አንድ ታሪካዊ እውነታ አለ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች መሬት ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የተመሪነት ወረቀት ያገኘ አያት በልጅ ልጆቹ ትረካ ውስጥ 40 ዓመት ወደ ኋላ መሄዱ የሚገርም አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከከተማዋ ሲወጡ አዲስ አበባ ተዘርፋ ተቃጥላለችና፣ «ወረቀቱ ያኔ ተቃጠለ» የሚለው ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሌላ ማስረጃ በሌለበት ይህን ምክንያት ብቻውን እንደ ማስረጃ መቀበል አይገባም።

ደረሰኝን ማንበብ

በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚገኘው ሰነድ የግብር ደረሰኝ ነው። ቀኑ ቢደበዝዝ፣ ቀለሙ ቢፈስ እንኳ በዓምዶቹ ዘመኑን መገመት ይቻላል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጋሻውን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ብሎ በመክፈል 15፣ 10 እና 5 ብር አስከፈለ። በ1937 ዓ.ም. አዋጅ በአሥራት ፈንታ 35፣ 30 እና 10 ብር ተጨመረበት። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ በ1950ዎቹ መባቻ ደግሞ የጤና ግብር መጣ። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። ስለዚህ የአሥራት ዓምድ ያለበት የትምህርት ዓምድ ግን የሌለበት ደረሰኝ ከ1937 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። የትምህርት ዓምድ ኖሮት የጤና የሌለው ከ1940 በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ገደማ ውስጥ ይገባል። «ለም ጠፍ» ተብሎ የተከፈለው ገንዘብ ከተመኑ ካነሰ፣ ወይ መሬቱ ከአንድ ጋሻ ያነሰ ነው፣ ወይ ከአንድ ሰው በላይ ይገብርበታል። ሁለተኛው ከሆነ በደረሰኙ ላይ ያልተጻፉ ወንድሞችና እኅቶች መኖራቸውን መጠርጠር ይገባል።

ቤተሰቦች ደረሰኝ አጥብቀው የያዙት በከንቱ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1168 ለአሥራ አምስት ተከታታይ ዓመታት በስሙ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል። በዚህ ሕግ ፊት የተከታታይ ደረሰኝ እሽግ የባለቤትነት መሠረት ነበር። ይህ ማለት ግን ግብር የከፈለው ሁሉ ባለርስት ነበር ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ደረሰኙን ያስቆረጠው ሊወረስ ለነበረ ወንድሙ ድርሻ ወይም በሞግዚትነት ለያዘው ልጅ ይሆናል። ከደረሰኙ በላይ መሄድ የሚቻለው በክርክር መዝገብ ነው።

የፍርድ ቤት መዝገብ የሚሰጠው

ሰላም የሰፈነበት ቤተሰብ በፍርድ ቤት ብዙ ዱካ አይተውም፤ የተጣላ ቤተሰብ ግን የተሟላ የዘር ሐረግ ለትውልድ ትቶ ያልፋል። በርስት ክርክር ከሳሹ ከአቅኚው ጀምሮ ወደ ራሱ ይቆጥራል፣ ተከሳሹ ያንኑ ሐረግ ከመሃል ይበጥሳል፣ ጣልቃ ገብ ሌላ ሚስት ወይም ሌላ ልጅ ያወጣል። ተመራማሪ ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ አለበት። ሁለት ባላንጦች የተስማሙበት ነጥብ፣ ማለትም ሁለቱም የማይክዱት አያት፣ በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ነው። ሁለቱም እውነቱን ቢክዱ የሚጠቀሙበት ነገር ሆኖ ሳለ አልካዱትምና።

ምስክሮች ሲቀርቡ ዕድሜያቸው፣ አገራቸው፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር ያላቸው ዝምድናና «በዓይኔ አየሁ» ወይስ «ሰማሁ» ማለታቸው ይመዘገባል። በ1950ዎቹ ቀርቦ ዕድሜው 70 ነው የተባለ ምስክር የተወለደው በ1880ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ገና ያልተወለደ ሰው ስለ ሰፈራው ቢመሰክር፣ ወሬ ከአባቱ ሰምቶ እንደሆነ መታሰብ አለበት። ከፍርዱ ውሳኔ ይልቅ ይህ የምስክር ቃል ለታሪክ ይበልጥ ያገለግላል። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ያወጣቸው የፍርድ ቤት ጥሪዎችና የወራሽነት ማስታወቂያዎችም ወደ ዋናው መዝገብ ቁጥር ያደርሳሉ።

አንድ ሰው፣ ብዙ ስም

ዘር ፈላጊን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ስም ነው። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር፣ «እገሌ ወልደ እገሌ» የሚባሉ ሦስት ሰዎች በአንድ አጥቢያ መኖራቸው የተለመደ ነው። አንዱ ሰው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ፣ በግብር መዝገብ በዓለም ስሙ፣ በጦር ጓዶቹ ዘንድ በፈረስ ስሙ ይጠራል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉት ሁሉ፣ ዝቅ ያለው ባለ ጋሻም የፈረስ ስም ነበረው። የኦሮሞ ስም የነበረው ሰው ሲጠመቅ ሌላ ስም ይቀበላል፤ ልጁ የሚጻፈው በየትኛው የአባት ስም እንደሆነ የሚወስነው ጸሐፊው ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ፔንሲልቬንያ የገቡ ጀርመናውያን ከ1727 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊላዴልፊያ ሲደርሱ የታማኝነት ቃለ መሐላ ይፈርሙ ነበር። መፈረም የማይችለውን ሰው ስሙን እንግሊዛዊው ጸሐፊ እንደሰማው ይጽፍለታል፤ በጊዜ ብዛትም ሙለር ሚለር፣ ሲመርማን ካርፔንተር ሆነ። ዘራቸውን የሚፈልጉ አሜሪካውያን ሰውየውን የሚያረጋግጡት በስሙ ሳይሆን በመሬቱ ነው። የመሬት ማመልከቻው፣ የቅየሳው ካርታና የባለቤትነት ሰነዱ ተከታትለው ሲገኙ፣ አዋሳኝ ጎረቤቶቹም በሦስቱም ላይ ሲጻፉ፣ ስሙ ቢለዋወጥም ሰውዬው አንድ መሆኑ ይታወቃል። ለላፍቶም የሚበጀው ይኸው ነው። በደረሰኝ፣ በሽያጭ ውልና በክርክር መዝገብ ላይ «በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ» የሚለው አዋሳኝ መግለጫ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ስሞች የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። አዋሳኙ ከተለየ ግን ስሙ አንድ ቢሆንም ሰዎቹ ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዛሬ ወደ ኋላ

ፍለጋው የሚጀመረው ከአቅኚው ሳይሆን ከዛሬው ይዞታ ነው። የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታዎች ይዞታው የት እንደነበር ያሳያሉ። ከዚያ በፊት ያለው መለያ መስመር 1967 ዓ.ም. ነው፤ በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ወደ መንግሥት ተዛወሩ። ላፍቶ ገጠርም ከተማ ዳርም ስለነበረች አንዱ የቤተሰብ ይዞታ በገበሬ ማኅበር፣ ሌላው በቀበሌ መዝገብ ሊገኝ ይችላል። ከ1967 ወደ ኋላ የግብር ደረሰኝና የርስት ክርክር ይቀጥላሉ፤ በ1958 ዓ.ም. ጉልት የቀረበት አዋጅ ከዚያ በፊትና በኋላ በመዝገብ የተጻፈውን ማዕረግ ለመለየት ይረዳል። ከዚያም ሲታለፍ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) እና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተሰባሰቡ ሰነዶች፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ያለው የጥምቀትና የሰበካ መዝገብ ይፈተሻሉ። በየደረጃው አንድ ሕግ ይጸናል፦ ሁለት ነጻ ማስረጃዎች ያልተስማሙበት ትውልድ በሐረጉ ላይ በነጠላ መስመር አይሣልም።

ማጠቃለያ

በላፍቶ የተገኘ ሰነድ የቤተሰብን ትረካ ሙሉ በሙሉ አያጸድቅም፣ አያፈርስምም። የሚያደርገው ትረካውን ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች መልሶ መበተን ነው። ቀላዱ መሬቱ በማን ስም እንደተለካ፣ ደረሰኙ ማን እንደገበረበት፣ የክርክር መዝገቡ ማን ከማን ጋር ዝምድና እንደጠየቀ ይናገራል። ማን ቀድሞ እንደሰፈረ ግን የሚጠየቀው ከመዝገቡ ውጭ የቀሩትን፣ ጭሰኞቹንና ከልኬታው በፊት የነበሩትን የቱለማ ቤተሰቦች ትውስታ ጨምሮ ነው። የአንዱን ወገን ወረቀት ብቻ ይዞ የሰፈሩን ታሪክ መጻፍ ፍርዱን ከክርክሩ በፊት መስጠት ነው።

ዛሬ በከተማዋ የሚካሄደው መልሶ ማልማት ነባር ሰፈሮችን እያነሣ ነው። ቤት ሲፈርስ ሣጥንም ይጠፋል። ስለዚህ በእጁ ደረሰኝ፣ ውል ወይም የፍርድ ግልባጭ ያለው ቤተሰብ ዋናውን ሰነድ ይዞ ቅጂውን ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለወመዘክር እንዲያስገባ፣ ክፍለ ከተማውም የገበሬ ማኅበራትንና የቀበሌዎችን የቆዩ መዝገቦች ከመጣል አስቀድሞ በዝርዝር እንዲያስመዘግብ ይመከራል።