የኬሚስትሪ ፈተናና የክለሳ ታሪክ

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ለመንገደኛ ብቻ ሳይሆን ለተፈታኝም የተነገረ ይመስላል። ብሔራዊ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው የብዙ ዓመት የኬሚስትሪ ትምህርት በአንድ ጊዜ ለመዋጥ የሚሞክር ተማሪ፣ በሩጫ ላይ እንደሚታጠቅ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ፣ ሰዎች የተማሩትን እንዴት ሲከልሱ እንደ ኖሩና ይህ ታሪክ ለእኛ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ምን እንደሚያስተምር በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ክለሳ ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት ይሰጥ የነበረው በማታ ነው። መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ተማሪው የተቀበለውን በቃሉ ይወጣል፤ ሲሳሳትም መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ያርመዋል። በጅማም ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የእስልምና ትምህርት እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። የቁርዓን ተማሪ ትምህርቱን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያጠናል፤ በቃሉ ሲወጣውም ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ትምህርት ተያዘ የሚባለው ጽሑፉ ከዓይን ሲርቅ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና የከፍተኛ ትምህርት በር ሆነ። ደብተርና የታተመ መጽሐፍ በመብዛቱ እጅግ ተጠቀምን፤ ነገር ግን በደብተር የተጻፈውን ሁሉ በአእምሮ የተጻፈ አድርጎ የመቁጠር ልማድም አብሮ መጣ።

የዚህ ልማድ ዋጋ በእኛ ዘመን ታየ። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተሠርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው፣ ስልክ ሳይዙ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱ ሲገለጽ ከመቶው ግማሽ ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. እንኳ 8 ያህል ነበሩ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ የጎደለውን ትምህርት ቤት ክለሳ ብቻውን አይክሰውም። ቢሆንም ከፈተናው አዳራሽ ይዘነው የምንገባው በጭንቅላታችን ያለውን ብቻ ስለ ሆነ፣ በእጃችን ያለውን ድርሻ ልናውቅ ይገባናል።

ሳይንስም የአባቶቻችንን ዘዴ መርምሮ አጽድቆታል። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ካጠናው ውስጥ ብዙውን በመጀመሪያው ቀን እንደሚረሳ፣ ጥናቱን በተለያዩ ቀኖች ከፋፍሎ ቢደግመው ግን እንደሚጸናለት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ፈተኑ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው መጽሐፉን በመክደን ራሳቸውን የጠየቁት በለጡ። እንግዲህ ደጋግሞ ማንበብ ለጊዜው ያወቅን አስመስሎ ያታልለናል ማለት ነው።

በኬሚስትሪ ግን ሸምድዶ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሥርዓቱንም ማየት ያስፈልጋል። ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1869 ያገኘው ለተማሪዎቹ የሚሆን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ነበር። ባዶ ቦታ ትቶ ገና ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች ጠባይ አስቀድሞ ተናገረ፤ ጋሊየም በ1875፣ ስካንዲየም በ1879፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኙ። እኛም የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች በባዶ ወረቀት ላይ በየምድባቸው ብንጽፍ፣ የአንዱን ጠባይ ስንረሳ ከጎረቤቱ ልንደርስበት እንችላለን።

ስሌቱንም ከአገራችን ነገር መለማመድ ይቻላል። የቡናን ካፌይን እ.ኤ.አ. በ1819 ነጥሎ ያወጣው ጀርመናዊው ሩንገ ነው። አንድ የካፌይን ሞለኪውል 8 የካርቦን፣ 10 የሃይድሮጅን፣ 4 የናይትሮጅንና 2 የኦክሲጅን አተሞች አሉት። መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሞክሩት። የአንድ ሞል ክብደቱ 96 ሲደመር 10 ሲደመር 56 ሲደመር 32፣ ማለት 194 ግራም ነው። እንግዲያስ 97 ግራም ካፌይን ስንት ሞል ይሆናል? ግማሽ ሞል ነው። ናይትሮጅኑስ ከመቶ ስንት እጅ ነው? 28.9 ያህል ነው። አንዱን ጥያቄ በሦስት መልክ የመለሰ ሰው፣ ፈታኙ በአራተኛ መልክ ቢያመጣበት አይደነግጥም።

የቦሳ አዲስና የዙሪያው ገጠር ተማሪዎች ሆይ! ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን እንረዳለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ክለሳ ግን ሙሉ ቀን አይፈልግም። በየማታው ግማሽ ሰዓት መጽሐፉን ከድኖ አምስት ጥያቄ መመለስ፣ የተሳሳቱትን በማግሥቱና በሳምንቱ መድገም ይበቃል። ቡና እየጠጡ ሌሊቱን ሙሉ መንቃት ግን ትርፍ የለውም፤ አእምሮ የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነውና።

ወላጆቻችንም ያችን ግማሽ ሰዓት ከሥራ ቢያሳርፉን፣ ኬሚስትሪ ባያውቁም ደብተራችንን ይዘው ቢጠይቁን፣ እንደ ቀድሞው መምህር ይሆኑናል። ለታናናሾቻችን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም የምንመክረው ቀበቷቸውን ከዛሬ ጀምረው እንዲያጠብቁ ነው።