ፍሬና ብቅል በአንድ ጋን

አሜሪካ መጠጥ ስትከለክል ለፍሬ በሯን ገርበብ አድርጋ ነበር። በ1919 የወጣው የቮልስቴድ ሕግ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢራ ጠመቃን በፋብሪካም በቤትም አገደ፤ አባወራው ከፖም ወይም ከወይን ጭማቂ ለቤቱ የሚሆን ነገር ሲያዘጋጅ ግን ሕጉ ብዙም አልተቆጣም። ክልከላው በ1933 ሲነሣም ልዩነቱ ቀጠለ። ወይን በቤት መጥመቅ ተፈቀደ፣ ቢራ ሳይጠቀስ ታለፈ። በአንድ ማጀት ውስጥ ፍሬ ብቻውን ቢፈላ ሕጋዊ፣ ብቅል ቢገባበት ወንጀል ሆነ። ነገሩ በዚሁ 45 ዓመት ዘለቀ።

ይህን ያነሣሁት የፍሬ ቢራ ከታሪክ ዳር የተገፋበትን መንገድ ስለሚያሳይ ነው። የቢራ ታሪክ በአብዛኛው ከግብር መዝገብና ከፋብሪካ ሰነድ የተቀዳ ነው። እህል ጎተራ ይገባል፣ ዓመት ይቆያል፣ ይሰፈራል፣ ይቀረጣል። ፍሬ ጠባዩ ሌላ ነው። ወቅቱን ጠብቆ በአንድ ጊዜ ይደርስና በቀናት ውስጥ መበስበስ ይጀምራል፤ ያገኘው ሰው ባለው ዕቃ፣ ባለው መጠን ፈጥኖ መጥመቅ አለበት። የፍሬ ቢራ የቤት ሙያ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በትንሽ መጠን መጠመቁም ጉድለቱ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

ዕድሜውን ብንቆጥር ከብዙ ነገሥታት ይበልጣል። በቻይና ሄናን ግዛት፣ ጂያሁ በተባለች የጥንት መንደር በተገኙ ሸክላዎች ላይ የቀረውን ቅሪት ተመራማሪው ፓትሪክ ማክገቨርንና ባልደረቦቹ መርምረው ውጤቱን በ2004 አሳተሙ። 9000 ዓመት ገደማ ባስቆጠሩት በእነዚያ ዕቃዎች ውስጥ ሩዝ፣ ማርና ፍሬ አብረው ፈልተው ነበር። በቱርክ ጎርዲዮን፣ በ1957 በተከፈተውና ከንጉሥ ሚዳስ ስም ጋር በሚያያዘው መቃብርም ከቀብር ድግስ የተረፉት ዕቃዎች የወይን፣ የገብስ ቢራና የጠጅ ድብልቅ ይዘው ተገኙ። ዛሬ ቢራ፣ ወይንና ጠጅ ብለን በየፈርጁ የምንለያቸውን የጥንት ጠማቂዎች በአንድ ዕቃ አገናኝተዋቸዋል።

ይህም ምክንያት አለው። የእህል ስኳር በስታርች ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ የሚፈታው እህሉ ሲበቅል ነው። ፍሬ ግን ስኳሩን አዘጋጅቶ፣ በልጣጩም ላይ እርሾ ይዞ ይመጣል። አንዱ የሌላውን ጎደሎ ይሞላል።

ይህ መደጋገፍ እስከ ዛሬ ያልተቋረጠበትን ቦታ ለማየት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መምጣት ይበቃል። በኪሊማንጃሮ ተዳፋት የሚኖሩት ቻጋዎች ምቤጌ የሚሉት ቢራ የሙዝና የዳጉሳ ነው። የበሰለው ሙዝ ይቀቀልና ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል፤ ከዚያ ከዳጉሳ ብቅል በተሠራ ገንፎ ይደባለቃል፤ ምሬቱን የሚሰጠው የዛፍ ቅርፊት ነው። የሚጠጣው በቅል ነው፤ ሠርግ፣ ለቅሶና ሽምግልና ያለ እሱ አይሞላም። በኡጋንዳ ቶንቶ የሚባለው ደግሞ ሙዙ ከሣር ጋር በእግር እየተረገጠ ከተጨመቀ በኋላ የተቆላ የማሽላ ዱቄት ገብቶበት፣ ከግንድ በተፈለፈለ ገንዳ ውስጥ ይፈላል። ሩዋንዳና ብሩንዲም የየራሳቸው አላቸው። ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ያፈራል፤ በዚያ አካባቢ የፍሬ ቢራ የአንድ ሰሞን ብርቅ ሳይሆን የዘወትር መጠጥ የሆነው ለዚህ ነው። ስለ ፍሬ ቢራ ሲወራ አውሮፓ ብቻ መጠራቱ ያሳዝነኛል፤ በብዛትም በዕለት ተዕለት ኑሮም ቢሆን ትልቁ የፍሬ ቢራ አገር ይህ ነው።

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ኢንጎልሽታት ላይ ባወጡት ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ምሬት ከሚሰጠው ሆፕስና ከውሃ ብቻ እንዲጠመቅ አዘዙ። በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሕ የእርሾ ዘር ለይቶ ማራባት ቻለ። ፋብሪካዎች በየጊዜው አንድ ዓይነት ቢራ ማውጣት ሲችሉ፣ በልጣጩ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማይታወቅ ፍሬ እንደ ሥጋት መቆጠሩ አልቀረም።

ይህን ሥጋት እንደ ጸጋ የተቀበለ አንድ አካባቢ አለ፤ ብራስልስና ከጎኗ ያለው የሴን ወንዝ ሸለቆ። ላምቢክ የሚባለው ቢራቸው እርሾ አይጨመርበትም። በቀዝቃዛው ወራት እሳት ላይ ይፈላና በሰፊና ጥልቀት በሌለው ገንዳ ላይ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ ከአየሩና ከበርሜሉ የሚመጣው ሕይወት ያብላላዋል። ቼሪ ሲደርስ ፍሬው ከነዘሩ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ከወራት በኋላ የሚቀዳው ቀይ ቢራ ክሪክ ነው። ዘሩ የአልሞንድ የመሰለ ጣዕም ይተውበታል። ከ1900 ጀምሮ በአንደርሌክት የሚሠራው የካንቲዮን ጠመቃ ቤት ለአንድ ሊትር ቢራ 200 ግራም ያህል ፍሬ ይጠቀማል። ለክሪክ በባህል የሚያገለግለው የቼሪ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከስካርቤክ ነው፤ ያ ቦታ ዛሬ የከተማው አካል ሆኖ የአትክልት ቦታዎቹ በቤቶች ተውጠዋል።

ወደ ቤት ጠመቃ ስንመለስ፣ እንግሊዝ ውስጥ ለራሱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ከ1880 አንሥቶ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ ግዴታው የተነሣው በ1963 ነው። በአሜሪካ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ኦክቶበር 14 ቀን 1978 በፈረሙት ሕግ፣ ከፌብሩዋሪ 1979 ጀምሮ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን (378 ሊትር ገደማ)፣ ሁለት አዋቂ ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ለራሱ እንዲጠምቅ ተፈቀደለት። ሚሲሲፒና አላባማ የተባሉት ግዛቶች ግን እስከ 2013 ዘገዩ። በዚያው በ1978 ቻርሊ ፓፓዚያን ከባልደረባው ጋር በኮሎራዶዋ ቦልደር ከተማ የቤት ጠማቂዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1984 ያሳተመው መጽሐፍም በየቤቱ ገባ። ቼሪና እንጆሪ በየማጀቱ ወደ ብቅል የተመለሱት በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። 20 ሊትር በማይሞላ ዕቃ የሚጠምቅ ሰው ፍሬው ቢያበላሽበት የሚያጣው አንድ ዕቃ ብቻ ነውና ለመሞከር አይፈራም፤ ፋብሪካ ይህን ነጻነት በቀላሉ አያገኝም።

የእነዚህን የቤት ጠማቂዎች አሠራር ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ቢያዩት ብዙው አይገርማቸውም። ንጽሕና ይቀድማል፤ እነሱ ዕቃውን በመድኃኒት ሲያጸዱ፣ እኛ ዘንድ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ሆፕስ የሚሰጠውን ምሬት ጌሾ ይሰጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደማይገባ፣ ጥንስስ ከድፍድፍ እንደሚቀድም የሚያውቅ ሰው፣ ፍሬ ለምን ዘግይቶ እንደሚጨመር ወዲያው ይገባዋል። ገና ሲፈላ ቢገባ የሚወጣው ጋዝ መዓዛውን ይዞበት ይሄዳል፤ ፍላቱ በረድ ካለ በኋላ ሲገባ ግን መዓዛው ይቆያል፣ በቢራው ውስጥ ያለው አልኮልና ኮምጣጣነትም ፍሬውን ከብልሽት ይጠብቃል። ፍሬውን አስቀድሞ በማቀዝቀዣ በረዶ ማድረግ ሥጋውን ሰብሮ ጭማቂውን ያስለቅቃል። መቀቀል ግን በፍሬው ውስጥ ያለውን ፔክቲን ስለሚያወጣ ቢራውን ያደፈርሰዋል።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ጣዕሙ ነው። እርሾው የፍሬውን ስኳር ስለሚበላው ጣፋጭነቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ኮምጣጣነቱና መዓዛው ነው። ማንጎ የጠመቀ ሰው የማንጎ ጭማቂ አይጠብቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቸኮል አያስፈልግም። ፍሬ ከገባ በኋላ ፍላቱ እንደገና ይነሣል፤ ያ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ ተቀድቶ ቢከደን፣ ማምለጫ ያጣው ጋዝ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ፍላቱ ማለቁን የሚለዩት በስኳር መለኪያ ነው፤ ንባቡ ለቀናት ካልተለወጠ ያን ጊዜ ይቀዳል።