ጠለፋ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ

ጠለፋ ሴትን ለማግባት በማሰብ ያለ ፈቃዷ አስገድዶ መውሰድ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ለረጅም ዘመን ሚስት ማግኛ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ልጅቷን ጠይቆ የተከለከለ ወይም ለጥሎሽ አቅም ያነሰው ሰው ግብረ አበሮቹን አስከትሎ ከትምህርት ቤት ወይም ከውኃ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ዘመድ ቤት ተደብቃ ትደፈራለች፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል። ቤተሰቧም «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» በሚል ስጋት ይስማማል።

የሚያስቆጨው፣ ሕጉ ራሱ ለዚህ ዕርቅ በር መክፈቱ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፣ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ጠላፊውን ካገባች ጋብቻው ካልፈረሰ በቀር ክስ አይመሠረትም ይል ነበር። ታግታ የተደፈረች ልጅ ምን ፈቃድ አላት?

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ስታመልጥ የጠላፊውን ጠመንጃ ይዛ ሮጠች፤ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጥብቅና የቆመላት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ የወንጀል ሕግ በሩን ዘጋው። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ መድፈር ከታከለበት ለመድፈር በተደነገገው ቅጣት ይቀጣል። ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከተጠያቂነት አያድነውም።

አንቀጽ መጻፍ ግን ፍትሕ ማድረስ አይደለም። አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) የተጠለፈች የ13 ዓመት ልጅ ጠላፊ 10 ዓመት ከተፈረደበት በኋላ በይግባኝ ተለቀቀ። ጉዳዩ ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄዶ፣ ኮሚሽኑ መንግሥት 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲክሳት ወሰነ።

ሌላም ክፍተት አለ። አንቀጽ 620 መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲፈጸም ብቻ ነው። ሚስቱን አስገድዶ የሚደፍር ባል በዚህ አንቀጽ አይከሰስም፤ ሕግ አውጪው ይህን ሐረግ ሊያነሳው ይገባል።