«ዓለም ጤና» እና «የዓለም ጤና»፦ በጋራ መዝገበ ዕውቀት ስለሚደረግ የማሽን እርማት

ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችለው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተመሠረተ ወዲህ፣ «ቦት» የሚባሉ ራሳቸውን ችለው ጽሑፍ የሚያርሙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የአርታኢነቱን ሥራ ተጋርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዱ ፕሮግራም ከሕዝብ ቆጠራ መዝገብ እየቀዳ ስለ አሜሪካ ከተሞችና መንደሮች 30,000 ያህል መጣጥፎችን ወደ እንግሊዝኛው ውክፔዲያ አስገብቷል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ግን፣ እንዲህ ያለው እርማት ወደ አማርኛ ሲመጣ የቃላችንን ታሪክ ምን ያደርገዋል የሚል ነው።

ማስረጃዬን ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች እወስዳለሁ። ዓለም ጤና ከሞጆ ወደ ዝዋይ (ባቱ) በሚወስደው መንገድ፣ መቂ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። ቦቱ «ዓለም ጤና» የሚለውን ሐረግ ባገኘበት ሁሉ ከዚህች ከተማ መጣጥፍ ጋር እንዲያያይዝ ቢታዘዝ፣ «የዓለም ጤና ድርጅት» ከጄኔቫ ወደ ምሥራቅ ሸዋ ይዛወራል። አዳማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ደብረ ዘይትም ዛሬ ቢሾፍቱ ናት። በዛሬ ጽሑፍ የዛሬውን ስም መጠቀም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስሞቹን በጅምላ የሚተካ ቦት በገሊላ ያለችውን ናዝሬት አዳማ ይላታል፤ የዐቢይ ጾምን አጋማሽ ሰንበትም የቢሾፍቱ ሰንበት ያደርገዋል። ከሁሉ የከፋው፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከታተመ መጽሐፍ የተወሰደ ጥቅስ ሲለወጥ ደራሲው ያልጻፈውን ጻፈ መባሉ ነው።

የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን ሲሰይሙ «ዐዲስ»ን በዐይኑ «ዐ» ጽፈዋል። ሌሎች ሊቃውንት ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ይጠይቃሉ። ክርክሩ ሳይቋጭ ማሽኑ «ኅ»ን በ«ህ» ቢተካ፣ መዳን ማለት የሆነው «ድኅነት» ማጣት ማለት የሆነው «ድህነት» ይሆናል።

በሌላ በኩል «አለም ጤና» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ «ዓለም ጤና»ን ማጣት የለበትም። ለዚህ የቻይንኛው ውክፔዲያ መፍትሔ ያስተምራል፤ ባህላዊውንና የቀለለውን ፊደል አንባቢው እንደ መረጠው ያሳያል እንጂ ጸሐፊው ያስገባውን ምንጭ አይለውጥም። የእንግሊዝኛውም ሥርዓት ቦት ያለ ሰው ክትትል የፊደል ግድፈት እንዲያርም አይፈቅድም።

በመሆኑም ለአማርኛ የሚበጀው የሥራ ክፍፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ ልዩ ልዩ አጻጻፎችን ይሰብስብ፣ አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ገጽ ይምራ፣ የተጠራጠረውን ያመልክት። ቃሉን የመለወጥ ሥልጣን ግን ዐረፍተ ነገሩን አንብቦ ስሙ የየትኛው ዘመንና የየትኛው ቦታ እንደ ሆነ ለለየ ሰው ይቆይ። ጥቅስም እንደ ተጻፈ ይኑር፤ የነገው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የትናንቱን አማርኛ የሚያገኘው በዚያ ነውና።